ሦስት ብርድ ልብስ

ኦኑር በፖርት ሱዳን ወደብ ሃያ ሁለት ዓመት ጆንያ ተሸክሟል። ምራቁን የዋጠ ሰው ነው፤ የተሸካሚዎቹ አለቃ ከሆነ ወዲህ ቃሉን የሚያጥፍ አልነበረም። ታናሽ ወንድሙን ኦሼክን ከገጠር አምጥቶ ሥራ ያስያዘው እሱ ነው። ለእናታቸውም «ከዓይኔ አይጠፋም» ብሎ ቃል ገብቷል።

በሐምሌ አንድ ቀን፣ አንድ የማሽላ መርከብ ያለ እረፍት ይራገፍ ተባለ። ሙቀቱ ድመት እንኳ ከጥላ አያስወጣም። ኦሼክ ግን በሩጫ ዋለ። ጆንያ አውርዶ ሲመለስ ይዘፍናል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ውሃ ሲሰጡት በእጁ ይገፋል።

«ይሄ ልጅ ዛሬ ጅን ሰፈረበት እንዴ?» አለ ኦኑር እየሳቀ።

«ወንድምህ አይደል? ባንተ ወጥቶ ነው» አለው ሐዳል፣ የኦሼክ የሥራ ጓደኛ። ዓይኑን ግን ሰበር አደረገ።

ከቀትር በኋላ ኦሼክ ከነጆንያው ወደቀ። ገላው ይፋጃል፣ ላብ የሚባል የለውም፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቀባዥራል። በዚያ አገር የሚያተኩስና የሚያንቀጠቅጥ ነገር ሁሉ ወባ ነው፤ ወባ ደግሞ በላብ ይወጣል ይባላል። ኦኑር ወንድሙን ተሸክሞ ቆርቆሮ ክፍላቸው አስገባው። በሩን ዘጋ፣ ሦስት ብርድ ልብስ ደራረበበት። ኦሼክ ሲገፍፍ እሱ ይሸፍናል። በኋላማ ዳር ዳሩን በጉልበቱ ተጫነው።

«ወንድም ጋሼ... ተቃጠልኩ!»

«ቻለው የኔ ጌታ። ሊያልብህ ነው፣ ትንሽ ቻለው።»

ተከትሏቸው የገባው ሐዳል ጥግ ላይ ቆሞ ያያል። ጠዋት ኦሼክ ሦስት ነጭ የማነቃቂያ ክኒን ውጧል፤ የሰጠው ሐዳል ራሱ ነው። ይህን ለአለቃ መንገር ከሥራ መባረር ነው። አፈረም፣ ፈራም። አፉን የከፈተው ኦሼክ ራሱን ከሳተ በኋላ ነው።

ሆስፒታል ሲደርሱ የገላው ሙቀት አርባ ሁለት ዲግሪ አልፏል። ሐኪሞቹ ትኩሳቱን በበረዶና በውሃ ታገሉት።

«ክኒኑ ከውስጥ ያነዳል፤ ድካሙንም ጥማቱንም ይደብቃል» አለች ሐኪሟ። «ፀሐይ ሲጨመርበት እንዲህ ነው። ወዲያው ልብሱን አውልቆ፣ ውሃ እያፈሰሱ እያራገቡ ማምጣት ነበር። ምን አደረጋችሁለት?»

ሳይመሽ ኦሼክ ሞተ።

ለኦኑር እንባ ጠብ አላለለትም። ሐዳልን አልመታውም፣ አላባረረውም። ሰዎች ትዕግሥቱን አደነቁ። ምን ትዕግሥት አለ! ሰውየው በድን ሆኖ ነው። ሲያቀርቡለት ይበላል፣ ተኛ ሲሉት ይተኛል።

በሦስተኛው ቀን እናቱ ከገጠር ደረሱ። አጠገቡ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው እጁን ያዙት።

«ምን ነበር የያዘው?»

«ወባ ነው፣ እናቴ።»

«አለበስከው?»

«አለበስኩት።»

«ደህና አድርገህ?»

«ደህና አድርጌ።»

እናቱ ጎንበስ ብለው እጁን ሳሙት።

«አላህ ይስጥህ ልጄ። እንኳን አንተ አጠገቡ ኖርክለት።»

«አሚን» አለ ኦኑር።