ቀብሯ የተነበበላት ሴት

እጇ ሻይ ቅጠሉ ላይ ሲሮጥ ዓይን ስለማይከተለው፣ በእርሻው ላይ «መንታ እጅ» ይሏት ነበር። ዛሬ ጣቶቿ ጎብጠዋል፤ ጆሮዋ ግን አይታማም። ስለዚህ መጽሐፍ በሚነበብበት አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ቆማ የራሷን ቀብር ቃል በቃል ሰማች።

የምታነበው የእርሻው እመቤት ናት። በሻይ እርሻዋ ስላሳለፈችው ኑሮ መጽሐፍ ጽፋ ስሟ በየሰዉ አፍ ገብቷል። «አፈሩ ሲመለስ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ቅጠል መልቀም ያስተማረችኝን መንታ እጅን ሸኘሁ» ስትል፣ ሴቶቹ መሐረብ አወጡ። መንታ እጅ ክው አለች። ያቺን ሁለት ቅጠልና አንድ ለጋ ጫፍ ለይታ መቀንጠስ የማታውቅ እመቤት፣ አጎንብሳ ያስተማረቻት እሷ ነበረች።

ኋላ ሳንባዋን ታመመች። ሆስፒታል ስትላክ እመቤቲቱ «በሳምንቱ መጥቼ አይሻለሁ» ብላ እጇን ጨበጠቻት። መንታ እጅ የዋህ ናትና ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ተኛች። ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነ። ድና ከወጣች በኋላም «ረሱኝ እንዴ?» የሚለው ጥያቄ አልለቀቃትም። ዛሬ የመጣችው ይህንኑ ለመጠየቅ ነበር።

«እማዬ፣ በሞቴ፣ ነገር እንዳታነሺ!» አለች አዳራሹን የምታጸዳው ልጇ ክንዷን ይዛ። «ከሥራ ያባርሩኛል።»

«መጽሐፍ ማስፈረም ወንጀል ነው?» አለችና በር ላይ የገዛችውን መጽሐፍ ደረቷ ላይ ለጥፋ ተሰለፈች።

«ለማን ብዬ ልፈርምልዎ?» አለች ደራሲዋ ቀና ሳትል።

«ለሟቿ።»

እስክሪብቶው ቆመ። ደራሲዋ ቀና ስትል ፊቷ አመድ መሰለ። «አንቺ… አለሽ?»

«አለሁ፣ እሜቴ። ማንን ነው የቀበሩት?»

ከኋላ ሰልፈኛው ማጉረምረም ጀመረ። ልጇ መጥረጊያዋን ጨብጣ በዓይኗ ትለምናለች።

«ቅርጫትሽን ሚዛን ቤቱ ውስጥ ተገልብጦ ተሰቅሎ አየሁት» አለች ደራሲዋ በሹክሹክታ።

በእርሻው ለቃሚ ስትሞት ቅርጫቷ ተገልብጦ ይሰቀላል። ታማ ስትሰናበትም እንዲሁ ነው፤ ይህን ለቃሚ ሁሉ ያውቃል።

«ሰው አልጠየቁም?»

«አልጠየቅኩም።»

«ቀብሩስ?»

«ከራሴ ጻፍኩት።» ደራሲዋ እጇን ለቀም አደረገቻት። «እባክሽ፣ እዚህ አይሁን።»

መንታ እጅ ወደ ሰልፉ ዞረች። አንዲት ቃል ብትተነፍስ አዳራሹ ይታመሳል። ልጇን አየቻት። ከዚያ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀችና መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች።

ልጇ ደረጃው ላይ ደረሰችባት። «ምን አለችሽ? ረስታሽ ነው?»

«አልረሳችኝም፣ ልጄ» አለች። «መምጣቱ ስለታከታት ገደለችኝ።»