የተዘጋው ጓሳ

የማርያም ማኅበር ተራዬ ነበር፤ ከመንዝ ወጥቼ አርባ ምንጭ ከገባሁ ወዲህ የመጀመሪያዬ። እናቴ ከዚያው ከመንዝ፣ ከሞላሌ፣ አንድ ከረጢት በሶ ልካልኛለች። እኔም ለማኅበርተኞቼ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ «የእኛን አገር ገብስ ስትቀምሱ ታውቁታላችሁ» ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁ።

ዳቦውን ላመጣ ጎረቤት ደርሼ ስመለስ የሳሎኑ ወለል በሶ ለብሷል። የአምስት ዓመት ልጄ መሀሉ ላይ ቁጢጥ ብላለች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ውርጭ ነው፣ እማ።»

«ውርጭ ደግሞ መች ቡናማ ሆኖ ያውቃል?»

«አያቴ ቆልታው ነዋ!»

መጥረጊያ ፈለግሁ። መጥረጊያው ተፈትቶ፣ ጭራሮው በውሃ በራሰ በሶ ላይ እንደ ሣር ተተክሏል። የትራሴ ጥጥ ደግሞ በግ ሆኖ ከዳር ተሰልፏል።

«እንዳትረግጪው! ጓሳ ነው፤ ተዘግቷል።»

መንዝን አይታው አታውቅም። ፀጉሯን ስሠራት ግን ስለ ጓሳ እነግራታለሁ፤ ሣሩ ለክፉ ቀን ተብሎ እንደሚዘጋ፣ ሽማግሌዎች እስኪከፍቱት ማንም እንደማያጭድ፣ በግም እንደማይገባበት። የምትሰማኝ አይመስለኝም ነበር።

ልቆጣት ስል የንስሐ አባታችን ከሰው ሁሉ ቀድመው ደረሱ። ለመግባት እግራቸውን ሲያነሱ፣

«አባ፣ ተዘግቷል!» ብላ ጮኸች።

እግራቸውን መለሱ። እሳቸው የዚሁ የአርባ ምንጭ ሰው ናቸው፣ ጓሳን አያውቁትም፤ እኔ በሐፍረት አንገቴን ደፍቼ ነገሩን አስረዳኋቸው።

«ታዲያ የሚከፍተው ማነው?» አሏት።

«ሽማግሌ።»

«እኔስ ሽማግሌ አይደለሁ?»

ጢማቸውን ትክ ብላ አየችው። «ነዎት። ግን ለምን ይከፈታል?»

«እንግዳ ተርቦ መጣ፣ ልጄ።»

ጥቂት አሰበች። «እንግዲያ ይከፈት። በጎቼን ግን አይርገጡብኝ።»

በመስቀላቸው ባርከው፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው በጥጥ በጎቿ መካከል በጥንቃቄ አለፉ። እኔ ግን ልቤ በሶው ላይ ነበር።

«አባ፣ ለማኅበሩ ያዘጋጀሁት ይኸው መሬት ላይ ቀረ» አልኳቸው።

ልጄ ከአልጋው ሥር ገባችና ከረጢቱን እየጎተተች ወጣች። እስከ ግማሹ ሙሉ ነው።

«ይሄስ?»

«ሁሉም አይታጨድማ! ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት ነው።»

በማርና በውሃ አሽቼ አቀረብኩት። ማኅበርተኞቼ «እውነትም የአገርሽ ገብስ!» እያሉ ደጋገሙ። «ልጄ ናት ያቆየችልኝ» አልኩ፣ አፌን ሞልቼ።

በፊት በገብሱ የተመካሁትን በኋላ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። ይህኛውን ግን አላነሣሁትም።