የከዋክብት ትውልድ ቆጣሪ

እኔ የምሠራው የኮከብ ዘር ማጣራት ነው። እንደ ንብ መንጋ አንድ ላይ የታጨቁ፣ እጅግ ያረጁ የኮከብ ክምችቶች አሉ፤ ዩኒቨርሲቲ ቁጭ ብዬ ማን ቀድሞ ማን ዘግይቶ እንደተወለደ ከብርሃናቸው እለያለሁ። ይህን ለሰው ስናገር ድምፄ ትንሽ ይወፍራል።

ሽማግሌ የላክሁት መካነ ኢየሱስ ከተማ ነበር፤ ሦስት ዓመት ስወዳት ለኖርኋት የአንድ መሪጌታ ልጅ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ከተመላለሱ በኋላ መሪጌታው ልጁን ራሱን አምጡት አሉ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አብሬ ሄድሁ።

ሥራዬን ጠየቁኝ። እኔም ለቀቅሁት። ድሮ በአንድ ክምችት ያሉት ሁሉ ባንድ ጊዜ የተወለዱ ይመስሉን እንደነበር፣ አሁን ግን አንደኛና ሁለተኛ ትውልድ እንዳላቸው፣ ይህንንም በውስጣቸው ባለው ሶዲየም እንደምናውቅ፣ ኮከብ ሲያረጅ ደግሞ እንዴት ተነፍቶ እንደሚቀላ አስረዳሁ። የተነፋው ማን እንደነበር ያን ጊዜ አልታየኝም። መሪጌታው በትዕግሥት ሰሙኝና፣

«መልካም። እስኪ ያንተን ሰባት ቤት ቁጠር» አሉ።

በእኛ አገር እስከ ሰባት ትውልድ የሚገናኝ አይጋባም። እኔ አራተኛው ላይ አለቀብኝ። አርብ ገበያ የሚኖሩትን አጎቴን ደውዬ መጠየቅ እችል ነበር፤ አፈርሁ። አምስተኛውን ፈጠርሁ። ስድስተኛው ላይ ጭራሽ ደፈር አልሁና፣ ስማቸውን ስሰማ ያደግሁትን አንድ ትልቅ ባላባት አያቴ አደረግኋቸው።

ለካ ባላባቱ የእሷ አምስተኛ አያት ኖረዋል። ሽማግሌዎቼ ለመነሣት ጋቢያቸውን ማስተካከል ጀመሩ። እሷ ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር፤ ፊቷን ሳየው መዋሸቴን እዚያው ተናገርሁ፤ አጎቴንም ደውዬ ስልኩን ለመሪጌታው ሰጠኋቸው። አጎቴ ሰባቱን ባንድ ትንፋሽ ዘለቋቸው። ከእሷ ጋር የትም አንገናኝም።

መሪጌታው ስልኬን መለሱልኝ።

«አለማወቅማ ይጠየቃል» አሉ። «አያት ፈጥሮ ለሚመጣ ግን ልጄን አልሰጥም።»

በጥር አንድ ወገዳ የሚኖር ነጋዴ አገባት። ሰባት ቤቱን ሳይደናቀፍ ቆጠረ አሉ። ዛሬም ያንገበግበኛል።

በሥራችን አንድ ኮከብ ከየትኛው ትውልድ እንደሆነ ካልለየን፣ ከአጠገቡ «አልታወቀም» ብለን እንጽፋለን። ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ አንድም ቀን አፍሬበት አላውቅም።