ቋሊማ ፈታሹ ኢመዳ

አማቼ ኢመዳ ዛሬም ከአባኖ ዳገት ሥር፣ ምንጩ አጠገብ ቆሞ የመንገደኛ ሻንጣ ይፈትሻል። የቀጠረው የለም፤ ሥራውን ለራሱ የሰጠው ራሱ ነው። ሰው ሁሉ "ምስኪን" ይለዋል። እኔ የሚስቱ የፒክሪያ ወንድም ነኝና ምስኪን ለማለት አፌ እሺ አይለኝም።

ሩሲያዎቹ ጦር ሰፈራቸውን ዘግተው ሲወጡ ከተሸጡት የጭነት መኪኖች አንዱን፣ ባለ ስድስት እግር ዚል፣ የገዛው ኢመዳ ነው። ወታደር ሲያመላልስ ያረጀ መኪና የተራራ አገራችንን የቱሼቲን ዱቄት ሽቅብ፣ የቱሼቲን አይብ ቁልቁል ማመላለስ ያዘ። መቼም እውነት እውነት ነው፤ ሰውዬው እጀ ወርቅ ነበር። ሞተሩን ግቢው ውስጥ በታትኖ መልሶ ይገጥመዋል። መለዋወጫ ሲጠፋ ከሌላ የሞተ ዚል ይነቅላል። "ወታደር አይታመምም!" ይላል፣ የመኪናውን አፍንጫ በጥፊ እየመታ።

ረዳቱ እህቴ ነበረች። በእኛ መንገድ ትልቅ መኪና በአንዴ የማይዞረው መታጠፊያ ሞልቷል። ነጂው አፍንጫውን ከተራራው አስጠግቶ ወደ ኋላ፣ ወደ ገደሉ አፋፍ መመለስ አለበት። ያኔ ፒክሪያ ከጎማ ሥር የሚሻጠውን ታኮ ይዛ ትወርድና "ና! ና! በቃ!" ትለዋለች። በቃ ስትል ይቆማል። በጭቅጭቅ የተሞላ ትዳራቸው እዚያ ላይ ሲደርስ ጭቅጭቅ አያውቅም።

በጎች ወደ ተራራ በሚወጡበት ወር አንድ ቀን እኔም አብሬያቸው ልሄድ ጭነቱ ላይ ወጣሁ። ገና ከመንደር ሳንወጣ ከኋላ ጎማ በኩል እስስ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

"ኢመዳ፣ ፍሬንህ ንፋስ ይተፋል!"

"ጎማው ነው" አለኝ። ያ መኪና ጎማውንም ራሱ ስለሚነፋ አንድ ቦታ እስስ ማለቱ አይቀርም።

"ፍሬን ስትረግጥ ነው እኮ የሚተፋው! ንፋሱን የሚይዘውን ላስቲክ ፈተህ እየው።"

"አንተ ደግሞ ካላሟረትክ ምሳ አይወርድልህም።"

ፒክሪያ በጋቢናው መስኮት አንገቷን አውጥታ ሳቀችብኝ። "ተወው ባኩሪ! ይሄ ሰው ከእኔ ይልቅ የሚያዳምጠው መኪናውን ነው። ቢታመም ይነግረው ነበር።"

ምንጩ ጋ ስንደርስ ቆመ። ደስ አለኝ፤ ፍሬኑን ሊያይ መስሎኝ ነበር። ለካ ሻንጣ ሊፈትሽ ኖሯል። ቱሼቲ የአሳማ ሥጋ አይገባም። ቅዱሳኑ አይወዱትም፤ ጭኖ የወጣ ገደል ይገባል፣ ይህን በእኛ ዘንድ ሕፃንም ያውቃል። አብሮኝ ጭነቱ ላይ ከተሳፈረ ቶርኒኬ ከሚባል የትብሊሲ እንግዳ ቦርሳ ውስጥ የአሳማ ቋሊማ ተገኘ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ምሳዬ ነዋ፣ ጋሼ።"

"ምሳህ ሊፈጀን ነበር፣ አንተ የከተማ ሰው!"

ቋሊማውን ወንዝ ውስጥ ወረወረው። እጁን ታጠበ፣ አማተበ። "አሁን መንገዳችን ንጹሕ ነው" አለና የመፍቻ ሳጥኑን ሳይከፍት ሞተሩን አስነሳ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

ከላይኛው መታጠፊያ ላይ ፒክሪያ ታኮዋን ይዛ ወረደች።

"ና! ና! በቃ!"

መኪናው አልቆመም።

"በቃ! ኢመዳ፣ በቃ!"

ፍሬኑን ወለል ድረስ ቢረግጠውም ንፋሱ አልቆ አልያዘለትም። እሷ መሸሽ ትችል ነበር። ጭነቱ ላይ ግን ሰዎች ነበርን። ጎንበስ ብላ ታኮውን ከጎማው ሥር ሻጠችው፤ መኪናው ከመያዙ በፊት ጀርባው መታትና ገደል ገባች። እኛ አንድ ጭረት ሳያገኘን ወረድን።

ከቀብር በኋላ ፍሬኑን የፈታሁት እኔ ነኝ። ላስቲኩ ከዳር እስከ ዳር ተቀዷል። በአርባዋ፣ ተዝካሩ ላይ፣ ዳቦውና ወይኑ መሃል አስቀመጥኩት።

"ይኸው! እህቴን የገደላት ይሄ ነው!"

አንድ ሽማግሌ በእጃቸው ገፉት። "የሙት ማዕድ ላይ ቆሻሻ አይቀመጥም፣ ልጄ። አንሳው።"

ኢመዳ ዞር ብሎም አላየው። ዓይኑ ሊያስተዛዝን የመጣው ቶርኒኬ ላይ ነበር።

"ሌላ ቋሊማ ነበረህ?"

"አልነበረኝም ጋሼ፣ እምላለሁ።"

"እስቲ አስብ። ኪስህ ውስጥስ?"

ማዕዱ ሁሉ ልጁን አፈጠጠበት። ማንም ላስቲኩን አልነካም። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ነውና ይዤው ወጣሁ፤ በንዴት አለቀስኩ።

ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ኢመዳ እንደ ልማዱ የአንድ ዚል ተሳፋሪዎችን አስወርዶ ይፈትሻል። ጎልማሳው ነጂ ሊሄድ ፍሬኑን ሲሞክር ያው ድምፅ መጣ። እስስ።

"ኢመዳ፣ ሰማህ? ፍሬኑ ይተፋል።"

እጁ የሰው ቦርሳ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ጎማውን ረጅም ጊዜ አየው። ሰማኝ አልኩ፤ ከልቤ ሰማኝ ብዬ ነበር።

"ጎማው ነው" አለ። "አንተም ሻንጣህን ክፈት።"