በእግር የሚሰማ ምት

ጅማ ውስጥ ጋሽ ከድር ድምፅ ማጉያ የሚጠግኑበት ሱቅ የገባሁ ቀን የተሰጠኝ ሥራ የተቀደደ የእስፒከር ወረቀት መፋቅ ነበር። «ለይላ፣ ወረቀቱን እንጂ ሽቦውን እንዳትነኪ» አሉኝ። ነካሁት። ተበጠሰ። በማግስቱ ሽቦ መጠምጠም አስተማሩኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እጄ መበየጃ ከለመደ ወዲህ፣ አንዲት መምህርት ከሰርቦ ከተማ መጣች። ጫልቱ ትባላለች፤ መስማት የተሳናቸው ልጆች ታስተምራለች። ልጆቹ በወላጆች በዓል ላይ መጨፈር ይፈልጋሉ። ርእሰ መምህሩ ግን ምቱን ስለማይሰሙ ጭፈራውን ያበላሻሉ ብለው ከልክለዋቸዋል።

«በእግራቸው የሚሰማቸው ነገር ትሠሩልኛላችሁ?» አለች።

ጋሽ ከድር አሰቡ። «እኛ ጋ የሚመጣው ሁሉ የሚፈልገው የሚጮህ ነው» አሉ። «የማይሰማ ድምፅ ጠይቆን የሚያውቅ የለም።»

ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። አዲስ ዕቃ የሚገዛበት አቅም ስላልነበረ ከተጣሉት መካከል አንድ ትልቅ፣ ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ የባስ እስፒከር መረጥኩ። ወረቀቱን ቆርጬ ጣልኩ። የሽቦው ጥቅል ጫፍ ላይ ጉራጅ እንጨት አጣበቅኩና እንጨቱን ከኮምፔርሳቶ ጣውላ ከሠራሁት መድረክ ሥር በብሎን አሰርኩት። አየሩን ሳይሆን መድረኩን እንዲነቀንቅ ነው። እስፒከሩን የሚያንቀሳቅሰው ማጉያ መግቢያ ላይ ያሉት ትናንሽ ካፓሲተሮች በጣም ወፍራሙን ድምፅ ስለሚያግዱ በትልልቅ ቀየርኳቸው። ድምፁን የሚያመነጨው ስልኬ ላይ የጫንኩት ነፃ አፕ ነው።

ስከፍተው ምንም አልተሰማም።

«ሞቷል» አሉ ጋሽ ከድር።

መድረኩ ላይ የተውናቸው ብሎኖች እየተንፏቀቁ አንድ በአንድ ወደቁ። ጥቂት ቆይቶ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ብቅ አለ። «ማል ታኤ? ምን ሆናችሁ ነው? መስኮቴ በራሱ ይንቀጠቀጣል፣ አዑዙ ቢላህ።»

«ሥራ ላይ ነን» አሉት ጋሽ ከድር። ሄደ።

መድረኩን ሰርቦ ወሰድነው። ሰሚራ የምትባል ተማሪ ጫማዋን አውልቃ ወጣችበት። ፊቷ አልተለወጠም። ወርዳ ሄደች። ጫልቱ ተከትላት በምልክት ስታነጋግራት ቆየችና ተመለሰች።

«ጉንዳን እንደወረረኝ ነው የሚሰማኝ ትላለች። ከበሮ አይደለም አለች።»

«ትመለስና እሷ ትምራኝ» አልኩ።

ሰሚራ እጇን ዝቅ ስታደርግ ድምፁን ይበልጥ ወፍራም አደርገዋለሁ። ጆሮ ከሚሰማው በታች ስለሆነ ለእኔ ሁሉም ዝምታ ነው። አንድ ቦታ ላይ ስንደርስ መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። እዚያው ላይ ተውኩት። ከዚያ በኋላ ያንን ድምፅ በምት በምት ቆራርጬ ልጆቹ ከሚጨፍሩበት ዘፈን ጋር አቀናጀሁት። ርእሰ መምህሩ ልምምዱን ካዩ በኋላ «እሺ፣ መጨረሻ ላይ ይግቡ» አሉ።

በበዓሉ ቀን ዘፈኑ በትምህርት ቤቱ ማጉያ ተለቀቀ። ምቱን ከስልኬ የሚቀበለውን የመድረኩን ማጉያ ግን የመብራት ገመድ ስላልደረሰው ጋሽ ከድር ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኙት። ጭፈራው መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ዘፈኑ ቆመ።

ልጆቹ ምንም አላወቁም። በባዶ እግራቸው፣ እኩል እየረገጡ፣ አንድም ሳይስቱ ቀጠሉ። በግቢው ውስጥ የሚሰማው የእግራቸው ኮቴ ብቻ ነበር።

«በምንድን ነው የሚጨፍሩት?» አሉ ርእሰ መምህሩ።

ጋሽ ከድር የርእሰ መምህሩን እጅ ይዘው መድረኩ ጠርዝ ላይ አስቀመጡት። ርእሰ መምህሩም ጭፈራው እስኪያልቅ አላነሱትም።

አሁን ሱቁን የምመራው እኔ ነኝ። ለአዳዲስ ሠራተኞች የምነግራቸው ይህን ነው፦ የሠራችሁትን ዕቃ የሚጠቀምበት ሰው ይፈትነው። እሱ ልክ ነው ሳይል ሥራው አላለቀም።