የአንሶላ አጣፊዋ የመጀመሪያ ኦፍ

በልብስ ማጠቢያው ድርጅት አንሶላ ማጠፍ ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሥራው በጥንድ ነው። ሁለት ሴቶች አራቱን ጫፎች ይዘው ይወጥራሉ፣ ተራምደው ይገናኛሉ፣ ከዚያ በመስኮት በኩል ያለችው ጫፎቹን ትረከባለች፣ በግድግዳ በኩል ያለችው ጎንበስ ብላ እጥፋቱን ታነሳለች። የመስኮቱ ቦታ የእሷ ነው፤ የግድግዳው፣ ሁሉም ረጅሟ የሚላት የባልደረባዋ።

አዲስ ኃላፊ መጣና የተራ ሰንጠረዥ ለጠፈ። ከስሟ ትይዩ፣ ሐሙስ ላይ፣ «ኦፍ» ይላል። ቃሉ አዲስ አልሆነባትም፤ ሾፌሩም ዘበኛውም «ኦፍ ነኝ» እያለ ቀኑን ሙሉ ሲተኛ ታያለች። በፊተኛው ኃላፊ ጊዜ ግን አንድ ቀን የቀረች አጣፊ ስትመለስ ቦታዋ ላይ ሌላ ሴት ቆማ አግኝታለች።

«እረፍት ነው፣ እትዬ» አላት ኃላፊው።

«ደክሞኛል ብዬህ አውቃለሁ?»

«አያውቁም።»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ?»

ሐሙስ ጠዋት የቤቷን መጋረጃ በፌስታል ይዛ በደንበኞች በር ገባች። መጋረጃውን አስረክባ ደረሰኝ ተቀበለችና የሥራ ክፍሉን በሚያሳየው መስታወት አጠገብ ተቀመጠች። ረጅሟ ከአዲስ ሠራተኛ ጋር ታጥፋለች። ልጅቷ ጫፉን ቶሎ እየለቀቀች አንሶላው ወለሉን ይጠርጋል። ደስ አላት። አሥረኛው አንሶላ ላይ ልጅቷ አስተካክላ ያዘች፤ ደስታዋ እዚያው ቀረ።

ረጅሟ አየቻትና ወጣች።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

«ደንበኛ ነኝ። ደረሰኝ አለኝ።»

«ደንበኛማ ከሆንሽ ራቅ በይ፣ መስታወቱን በትንፋሽሽ አደበዘዝሽው።»

«ልጅቷ ለመደች» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«እንኳን ለመደች። በሚቀጥለው ሳምንት የኔ ኦፍ ነው፤ ያኔ ከማን ጋር ልታጥፊ ኖሯል? የት እንደቆመች አላየሽም?»

ዞራ አየች። እጅ እጇን ብቻ ስታይ ቆይታ ልብ አላለችም፤ ልጅቷ የቆመችው በግድግዳው በኩል ነው። በመስኮቱ በኩል ስታጥፍ ያረፈደችው ረጅሟ ራሷ ናት።

«ያንቺን ጎን ጠብቄልሻለሁ። ወገቤም አርፎልኛል፣ ልመልስልሽ አልመልስልሽ እያሰብኩበት ነው።»

«ትመልሽልኛለሽ።»

«ነገ። አሁን ሂጂልኝ።»

ደረሰኟን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች። ወደ ቤቷ የሚወስደውን መንገድ ትታ በሌላኛው ሄደች፤ የጫማ ሱቆች ውስጥ አንድ በአንድ እየገባች፣ ምንም ሳትገዛ፣ ሦስት ጫማ ለካች።