ጎባጣው ቁስቋምን ሲወጣ

ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት የሚነገረው ተረት የጅብና የአህያ አልነበረም፤ የእሳት አደጋ መኪና ነበር። አያቴ አባባ ተክሌ ፀጉራቸው እስኪሸብት የእሳት አደጋ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። አባቴም እሳቸው የለቀቁትን መሪ ይዞ እዚያው ይሠራ ነበር። ስለዚህ የጎረቤት ልጆች በየቤታቸው የአንበሳና የጦጣ ወሬ ሲነገራቸው፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ስለ ጎማ፣ ስለ ታንከርና ስለ ደወል እየሰማን አደግን። እውነቱን ለመናገር የጅቡን ተረት እስከ ዛሬም አሟልቼ አላውቀውም።

ያኔ ሰዓት እላፊ ስለነበር ጉለሌ በጊዜ ትከተት ነበር። ገና ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሱቁ ይዘጋል፣ የቆርቆሮው በር ይቀረቀራል፣ እናቴ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ትሰቅላለች። መብራት ከጠፋ ፋኖሱ ይለኮሳል፤ መስታወቱን በአንድ በኩል ጥላሸት ስለያዘው የአባባ ፊት ግማሹ ብቻ ነበር የሚታየን። እሳቸው ከሰል ምድጃው አጠገብ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ፍሙን በመቆስቆሻ እየነካኩ፣ ስለ ዘመድ እንደሚያወሩ ሁሉ የየመኪናውን ታሪክ ከትውልዱ ይጀምራሉ። ደጅ መኪና ሲያልፍ ግን ሁላችንም ትንፋሻችንን እንውጣለን። ያኔ መኪና በራፍ ላይ ከቆመ ሰው ይዞ ሊሄድ ነው። አባባ ጆሯቸውን አዘንብለው ሞተሩን ያዳምጡና «የጭነት ነው፣ ይለፍ» ወይም «ላንድሮቨር ነው፣ ዝም በሉ» ይሉናል። ድምፁ ርቆ ሲጠፋ ካቆሙበት ይቀጥላሉ፤ ድምፃቸውን ግን ዝቅ ያደርጉታል።

እሳት አጥፊዎቹ ለመኪና ስም ሳያወጡለት አይነዱትም ነበር። የሁሉም ታላቅ «እመት» ትባላለች። እመት ሳይረን የሚባል ነገር ሳታውቅ የኖረች፣ ረዳቱ በገመድ የሚጎትተው የነሐስ ደወል የነበራት መኪና ናት። በሰፈር ስታልፍ አሮጊቶች የቤተ ክርስቲያን ደወል መስሏቸው ያማትባሉ። «ወደ እሳት እየሄድን ስንቱን ጸሎት በነጻ አገኘነው» እያሉ አባባ ይስቃሉ። በሯ ላይ ዘውድ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ቀይ ቀለም ደረቡበት፤ ቀለሙ ግን ስስ ስለነበር ፀሐይ በጎን ስትመታው ዘውዱ ከሥር ብቅ ይላል። ይህን ሲያነሱ እናቴ በሩን በሩን እያየች «አባባ፣ የዘውዱን ነገር እንኳ ይተዉት፤ ግድግዳችን ጭቃ ነው» ትላቸዋለች። እሳቸውም ይተዉታል፤ በሳምንቱ ደግሞ መልሰው ያነሱታል።

«ድዳው» ሳይረኑ ተቃጥሎ መለዋወጫ ያጣ መኪና ነበር። ጥሪ ሲመጣ ረዳቶቹ ግራና ቀኝ ተንጠልጥለው «ዞር በል! ዞር በል!» እያሉ በጉሮሯቸው ነበር መንገድ የሚያስከፍቱት። አንደኛው ድምፁ ተዘግቶ ሰንብቶ ከሚስቱ ጋር በጣቱ ሲጣላ እንደከረመ ሲነግሩን ወንድሜ በሳቅ ምንጣፉ ላይ ይንከባለላል። ድዳው በስተርጅናው ውሃ ወደማይደርስባቸው ሰፈሮች ውሃ አመላላሽ ሆነ። ዕድሜውን ሁሉ ሰው እያለቀሰ ሲቀበለው የኖረ መኪና በመጨረሻ በእልልታ መቀበል ጀመረ ሲሉ የአባባ ግማሽ ፊት ይፈካል።

የጎባጣው ታሪክ ሲጀመር ግን የሚስቅ አልነበረም። ስሙ የወጣለት ታንከሩ ጀርባው ላይ ከፍ ብሎ ስለተጫነ ነው። ሜዳ ላይ የሚስተካከለው የለም፤ ዳገት ላይ ግን የውሃው ክብደት ወደ ኋላ ይስበዋል፣ ፍሬኑም አይችለውም። ስለዚህ ወደ እንጦጦ በወጣ ቁጥር አንድ ሰው በቀኝ የኋላ ጎማው በኩል በእግሩ ይከተለዋል፤ በእጁ ታኮ ይይዛል፣ ከወይራ የተጠረበ ከባድ ሽብልቅ። ሞተሩ ጠፍቶ መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር፣ ታኮ ያዡ እንጨቱን ከጎማው ሥር ይወረውርና ዘሎ ይወጣል። ከሾፌሩ የሚጠበቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ። ጎማው በየት በኩል እንደሚመጣ ታኮ ያዡ ማወቅ አለበት።

አያልነህ የሚባል ታኮ ያዥ ነበር፤ የአባባ የልብ ጓደኛ። አንድ ቀን እንጦጦ ላይ ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን በታች ካለው ጥምዝ ላይ ጎባጣው ተንሸራተተ። ያን ቀን መሪውን የያዘው ሌላ ሾፌር ነበር፤ አባባ ከጎኑ ተቀምጠዋል። ሾፌሩ አያልነህን በመስታወት ሲያየው ሆዱ ባባ፤ እንዳይጨፈልቀው ብሎ መሪውን ጠመዘዘ። አያልነህ ታኮውን ወርውሮ የዘለለው ደግሞ ጎማው በዞረበት በኩል ነበር። አባባ እዚህ ሲደርሱ ፍሙን መቆስቆስ ያቆማሉ። «በጭካኔ አልሞተም፤ በሐዘኔታ ነው የሞተው» ይሉናል። «ከዚያ ወዲህ ዳገት ላይ መስታወት አናይም።»

እኔ ያኔ ይህ ነገር አይዋጥልኝም ነበር። ሰው አዝኖ እንዴት ሰው ይገድላል እያልኩ አልጋዬ ውስጥ እብሰለሰላለሁ። አባቴ ታሪኩ እዚህ ሲደርስ ሁልጊዜ ብድግ ብሎ የፋኖሱን ክር ያስተካክላል። ወሬ የማይወድ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ጎባጣውን አሁን የሚነዳው እሱ ነበር።

ከዚያ አንድ የየካቲት ቀን መጣ። ንፋሱ ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ዋለ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የእንጦጦ ወገብ በጭስ ተሸፍኗል፤ የባሕር ዛፍ ጭስ፣ ዓይን የሚያቃጥል፣ አፍንጫ የሚሰነጥቅ። እሳቱ ከቁስቋም በላይ ካለው ጫካ ተነስቶ ወደ ቤቶቹ እየወረደ ነበር። ሰው ፍራሽና ሕፃን ተሸክሞ ቁልቁል ይጎርፋል፣ ላይ ቤት ዘመድ ያለው ደግሞ እየጮኸ ሽቅብ ይሮጣል። አባባ ጋቢያቸውን አጣፍተው በራፋችን ላይ ቆመዋል፤ እኔና ወንድሜ ከኋላቸው። ጎባጣው ከታች እያቃሰተ ሲመጣ ገና ሳናየው ድምፁን ለዩት።

መኪናው በሰው ተጨናንቋል። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ሽጉጡን ታጥቆ የበሩ መወጣጫ ላይ ቆሟል። ከኋላ የሚከተል ሰው የለም። ታኮ ያዡ ታኮውን ታቅፎ ከሌሎቹ ጋር ታንከሩ ላይ ተቀምጧል።

«አንተ! ለምን አልወረድክም?» ብለው ጮኹበት አባባ። ልጁ አንገቱን ደፋ።

«እኔ ነኝ የጫንኩት!» አለ ሊቀ መንበሩ። «የሰፊው ሕዝብ ቤት እየነደደ በእግር የሚንሸራሸር የለም!»

«ጌታዬ፣ ይህ መኪና ዳገት ላይ...»

«ዞር ይበሉ ሽማግሌ! ይሄ አሻጥር ነው፣ ያውቁታል?»

አሻጥር ያኔ እንዲህ በቀላሉ ከአፍ የሚወጣ ቃል አልነበረም። የተባለበት ሰው ቤት ማታ ላንድሮቨር ይቆማል። እናቴ የአባባን ጋቢ ጨምድዳ ይዛ «በልጆቹ ይዤዎታለሁ» አለቻቸው። አባቴ ከመሪው ኋላ ሆኖ ፊት ለፊቱን ብቻ ያያል። ቢያቆም የላይኞቹ ቤቶች ይቃጠላሉ፣ እሱም ሆነ አባቱ ተይዘው ላይመለሱ ይችላሉ። አላቆመም።

አባባ አልተከራከሩም። የግቢያችንን በር ንፋስ እንዳይዘጋው የምናስደግፍበትን ጥቁር ድንጋይ በሁለት እጃቸው አነሱና ከቀኝ የኋላ ጎማው ጎን መሄድ ጀመሩ። ጎባጣው ውሃውን ተሸክሞ ከሰው እርምጃ አይፈጥንም ነበር። እናቴ «አባባ፣ በማርያም ይመለሱ!» እያለች ተከተለቻቸው። ዞር ሳይሉ «ልጆቹን ያዢ!» አሏት። እኔ ግን ከእጇ አምልጬ በመንገዱ ጠርዝ እየሮጥኩ ነበር። ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ከጥምዙ በኋላ የሚመጣውን ቃል ጭምር። እንደዚያን ቀን ተረት በማወቄ ተጸጽቼ አላውቅም።

ጥምዙ ላይ ሞተሩ ሳል ሳል አለውና ጠፋ።

መጀመሪያ ጸጥታ ሆነ፣ ታንከሩ ውስጥ ውሃው ሲላጋ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ጎባጣው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሄደ። ላይ ያሉት ጮኹ። ቀድሞ የዘለለው ሊቀ መንበሩ ነው፤ ለሰፊው ሕዝብ ቦታ መልቀቁ ይሆናል። እኔ ግን የማየው አያቴን አልነበረም፤ ዓይኔ የፊት ጎማው ላይ ተተክሎ ቀረ። ወደ ጎን ከዞረ አባባ አለቁ። «አታዙረው፣ አባዬ፣ አታዙረው» እላለሁ በልቤ። ጎማው አልዞረም። ጣት የምታህል እንኳ ወዲህ ወዲያ አላለም። አባባ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ሰደዱትና መዝለል ስላቃታቸው በጎናቸው ወደ ቦዩ ወደቁ። የኋላ ጎማው ድንጋዩ ላይ ወጣ፣ ድንጋዩ ተንቋቋ፣ አቧራ ቦነነ፤ ጎባጣው ቆመ።

ታኮ ያዡ ከላይ ተወርውሮ ወርዶ የወይራውን እንጨት ከጎማው ሥር ቀበቀበው። አባባ ከቦዩ ሆነው «እኔን ተዉኝ፣ ሞተሩን አስነሳ!» ብለው ተቆጡ። ሞተሩ ተነሳ። ጎባጣው ታኮ ያዡን ከኋላው አስከትሎ ወጣ፤ በዚህ ጊዜ ማንም ተሳፈር አላለውም። የዳር ዳሩ ቤቶች ነደዱ፣ የቀሩት ግን ሳይመሽ ተረፉ።

የዚያን ዕለት ምሽት ተረት አልነበረም። አባባ ጉልበታቸው ተልጦ፣ ክንዳቸው በሻሽ ታስሮ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሁላችንም ላንድሮቨሩን እንጠብቃለን። አባቴ ፊቱ ጠቁሮ፣ ጭስ ጭስ እየሸተተ ገባና ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ደጅ መኪና በመጣ ቁጥር የእናቴ እጅ ደረቷ ላይ ይሄዳል። አባባ ያዳምጣሉ፣ «ይለፍ» ይላሉ። ሊቀ መንበሩ ያን ማታም ሆነ ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሳውም፤ ማን ቀድሞ እንደዘለለ እንዲወራ አልፈለገም መሰለኝ። ያኔ ግን ይህን አናውቅም ነበር።

መጀመሪያ የጠየቀው ወንድሜ ነው። «አባዬ፣ ከኋላህ አባባ መሆናቸውን አላየህም፣ አይደል?»

«አይቻለሁ» አለ አባቴ። «መስታወቱን አየሁት። ጋቢያቸውን አየሁት።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ... ቀጥ አድርጌ ያዝኩት።» ይህን ሲል ጥላሸት የጠገቡ እጆቹን ያይ ነበር።

አባባ እያነከሱ ተነሱና የእጅ መታጠቢያውን ሳህንና ማሰሮ አምጥተው ከልጃቸው ፊት ጎንበስ አሉ። እኛ ቤት ለእጅ ውሃ የሚያፈስ ታናሽ ነው፤ ሽማግሌ ለልጁ ሲያፈስ አይተንም ሰምተንም አናውቅም። አባቴ ደንግጦ ሊነሳ ሞከረ። «ኧረ አባባ፣ ነውር ነው! እኔ ላፍስልዎት እንጂ!»

«ዘርጋ» አሉት።

ዘረጋ። ከእጁ የሚወርደው ውሃ ከጥላሸቱ የተነሳ ጥቁር ነበር። አባባ ቀስ እያሉ አፈሰሱ፣ አባቴም አንገቱን ደፍቶ እንባውን ተወው፤ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጥላሸቱ ከለቀቀ በኋላም አባባ ማሰሮው እስኪያልቅ ድረስ ማፍሰሳቸውን አላቆሙም።

ሁለቱም ዛሬ የሉም። የአያልነህ ሞት ለምን የሐዘኔታ ሞት እንደተባለ የገባኝ ያን ዕለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልጋዬ ውስጥ ስለሱ አልተብሰለሰልኩም። አባቴ አባቱን ይወድ እንደነበር አንድ ቀን እንኳ በአፉ ሲናገር አልሰማሁትም፤ እኔንም እወድሻለሁ ብሎኝ አያውቅም። ልጅ እያለሁ ይህ ይከፋኝ ነበር፣ የሌሎች አባቶች ይስማሉ፣ ያቅፋሉ። አሁን ግን ሰዎች ስለ ፍቅር ሲያወሩ ስሰማ እኔ የሚታየኝ ከቁስቋም በታች ያለው ጥምዝ፣ አባቴን ተሸክሞ ወደ አያቴ የሚንሸራተት መኪና፣ እና ያልተነቃነቀ የፊት ጎማ ነው።